የሹሩባ ምንጣፍ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም ነው የሆነው። ክረምት የምለው በአገር ቤት ልማድ ነው። ጅቡቲ በዚያ ወር ዝናብ አታይም። ከምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋ እያነሣ ፊት ይገርፋል፣ መብራት ይሄዳል፣ ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ በእጅ አይነካም። የምንኖረው ሃያብለ በሚባል ሰፈር፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ በሆነ አንድ ክፍል ቤት ነው። ባሌ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ቤቱ የእኔና የልጄ ነው ማለት ይቻላል። ጠባብ ነው። በሩ ግን ከውስጥ ይቆለፋል፣ ቁልፉም በእኔ እጅ ነው። ብዙ ዓመት በሰው ቤት እያደረች የሠራች ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ተመስገን።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጓደኞቼ ይመጣሉ። እዚህ የሥራ እረፍት ዓርብ ነው። በሰው ቤት እያደሩ የሚሠሩት የአገሬ ልጆች፣ ማዳሞቻቸው ከፈቀዱላቸው፣ የምሳ ዕቃ አጥበው ይወጣሉ፣ ሳይጨልም ይመለሳሉ። ያልተፈቀደላቸው በስልክ ይከተሉናል። እኔ አንድ የእጅ ሥራ እመርጣለሁ፣ ስልኬን በወተት ጣሳ ላይ አስደግፌ እጆቼን ብቻ እቀርጻለሁ፣ አጠር አጠር አድርጌ እልክላቸዋለሁ። ፊቴ አይታይም። መታየትም አልፈልግም።

ለንግድ አልነበረም። በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ቀኑን ሙሉ የደከመችበት በማግስቱ የለም። ያጠበችው ሳህን ይቆሽሻል፣ የተኮሰችው ልብስ ይጨማደዳል፣ ያበሰለችው ይበላል። ማታ ወደ ክፍሏ ስትገባ «ይህን እኔ ሠራሁት» የምትለው፣ ነገም እዚያው የሚጠብቃት አንድ ነገር ያስፈልጋታል። እኔ በዚያ ዘመን ዳንቴል ባልሠራ ኖሮ አእምሮዬን እስት ነበር። እግዚአብሔር በአንድ ኪሮሽ ጠበቀኝ ብል አላፍርም።

ችግሩ ሐሳብ ማግኘት ነው። ሁልጊዜ ዳንቴል ይሰለቻል። «እትዬ፣ አዲስ ነገር አምጪ!» ይሉኛል። ስልኬን ከፍቼ እፈልጋለሁ፣ ስፈልግም ደሜ ይፈላል። የእጅ ሥራ የሚያስተምሩት ሴቶች ምን ዓይነት ቤት እንደሚኖሩ እንጃ። አንዷ «መጀመሪያ ወደ ጓሯችሁ ወጥታችሁ የጥድ ፍሬ ልቀሙ» ትላለች። የእኔ ጓሮ የጎረቤቴ ፍየል የምትታሰርበት አንድ ክንድ አሸዋ ነው። ሌላዋ ሙጫ የሚያቀልጥ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ትይዛለች። እኛ ዘንድ ሙጫ ለማቅለጥ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ሦስተኛዋ «ቤት ውስጥ ባላችሁ ነገር ብቻ» ብላ ትጀምርና የስፌት መኪናዋን፣ ሰፊ ጠረጴዛዋንና መሳቢያ ሙሉ ክሯን ታሳየናለች። ባላችሁ ነገር! ማን ያለው?

አንድ ጊዜ ከራሴ አመንጭቼ ጧፍ እንሥራ ብዬ ነበር። ባሌ ከአገር ቤት ሰም አመጣልኝ። ክሩን ነክረን፣ አሻሽተን፣ ሽቦ ላይ ደረደርነው። ከሰዓት በኋላ ስናየው ጧፉ በሙሉ ወገቡ ታጥፎ ጫፉ መሬት ነክቷል። ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር የምትሠራ፣ ሁላችንንም የምታስቅ ሙስሊም ጓደኛ አለችን፤ ተረበኛዋ እንላታለን። ጎንበስ ብላ አየችውና «እናንተ ደግሞ በጾማችሁ ጧፉም ይሰግዳል?» አለች። ሳቅን። ሰሙ ግን በከንቱ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሐሳብ የምመዝነው በድሮ ክፍሌ ነው። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ምስማር፣ መጽሐፍ የምታህል መስኮት። እዚያ ተቀምጬ ልሠራው እችል ነበር ወይ? ብዬ እጠይቃለሁ። ጠረጴዛ የሚፈልግ፣ የሚንኳኳ፣ የሚሸት ከሆነ እተወዋለሁ። ሲጠሩ ቶሎ ትራስ ሥር የማይገባም አይሆንም።

የሹሩባው ሐሳብ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ተረበኛዋ ቤቴ ደጃፍ ተቀምጣ ልጄን ሹሩባ ትሠራታለች። ጣቶቿን አያቸዋለሁ። ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው፣ አፏ ወሬ ላይ ነው፣ ጣቶቿ ግን አይሳሳቱም። ይህን የማታውቅ የአገሬ ሴት የለችም። ፀጉር የሚጎነጉን እጅ ጨርቅ አያቅተውም። ያረጀ ጨርቅ በሁለት ጣት ስፋት ተልትሎ፣ ሦስት ሦስቱን እንደ ሹሩባ መጎንጎን፤ ጉንጉኑን ደግሞ እንደ ሰፌድ ከመሃል ተነሥቶ እያዞሩ በመርፌ ማያያዝ። መርፌና እጅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ምንጣፍ ይሆናል። ያን ቀን በደስታ ሁለት ጊዜ አማተብኩ።

አንድ ነገር ብቻ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሲዞር ክሩን አጥብቆ የሚስብ ሰው ጠርዙ ይነሣበታል። የተረበኛዋ ምንጣፍ እየተነሣ፣ እየተነሣ ሄዶ ጎድጓዳ ሆነ። ተስፋ አልቆረጠችም፤ እንደ ማዳም ባርኔጣ ራሷ ላይ ደፋችውና «ማዳም ገበያ ልትሄድ ነው» ብላ በበራችን አልፋ ሄደች።

ሥራውን ከሁሉ አጥብቃ የያዘችው ግን ራስ ዲካ፣ በባሕሩ አጠገብ ካሉት ቪላዎች በአንዱ የምትሠራው ጓደኛችን ናት። ዝምተኛ ናት። አራት ዓመት በዚያ ቤት አድራለች። ሰዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ ባልና ሚስት፣ አንድ ውሻ፣ ልጅ የላቸውም። እሷ ግን ሴት ልጅ አለቻት። ሦስት ዓመቷ ላይ ለእናቷ ትታት ነው የወጣችው። ልጅቱ ደሴ፣ ከአያቷ ጋር ናት። ይህን የምናውቅ እኛ ብቻ ነን። ሥራ ያገናኛት ደላላ «ልጅ አለኝ አትበይ፣ ልጅ ያላትን አይቀጥሩም» ብሎ አስጠነቀቃት። ማዳምም ገና በመጀመሪያው ቀን ጠየቀቻት፤ የለኝም አለች። ከዚያ ወዲያ የልጇን ፎቶ ከስልኳ አጠፋች። ማየት ሲያምራት እኔ ቤት መጥታ በእኔ ስልክ ታያለች።

በሐምሌ ልጅቱ ስትደውል እኔም አጠገብ ነበርኩ።

«እማዬ፣ አያቴ ትልቅ ሆነሻል ብላ ለብቻዬ አስተኛችኝ።»

«ጎበዝ የእኔ እናት! ፈራሽ?»

«አልፈራሁም። ጠዋት እግሬን ሳወርድ ግን ሲሚንቶው ይቀዘቅዘኛል።»

እኛ በዚያ ሰዓት ላባችንን በጨርቅ እየጠረግን ነበር። ስልኩን ዘግታ «እትዬ፣ ያን ምንጣፍ ድገሚልኝ፣ ከመጀመሪያው» አለችኝ።

ከማዳም ቤት አንዲት ክር አልወሰደችም። እኔ የተቀደደ አንሶላ ሰጠኋት፣ ተረበኛዋ ድሪያ የሚባሉ ሁለት ያረጁ ስስ ቀሚሶች አመጣች፣ ሌሎቹም የየራሳቸውን። መሃሉን ከራሷ ቀሚስ ጀመረችው፤ ልጇን ትታ ስትወጣ የለበሰችው ነው። ማታ ማታ ሥራ ስትጨርስ ትሠራለች፣ ያቃታትን ፎቶ አንሥታ ትልክልኛለች፣ እኔም ፈትተሽ ድገሚው እላታለሁ። ያለ ቅሬታ ትፈታለች። የእሷ ምንጣፍ ጠርዙ አልተነሣም። መሬት ላይ ሲዘረጋ እንደ ውኃ ይተኛል።

በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት ጨረሰችው። ባሌ ቅዳሜ ማለዳ ጭነት ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል፤ አያትየው ከደሴ ወርዳ ትቀበለዋለች። ዓርብ ይዛው ልትመጣ ተቀጣጠርን።

ዓርብ መጣች፤ እጇ ባዶ ነው።

«ምንጣፉስ?» አልኳት።

«ማዳም ወሰደችው።»

«ምን ማለት ነው ወሰደችው?»

ጾሜን ገና አልፈታሁም፣ ጉሮሮዬ ደርቋል። በጾም መቆጣት ጾሙን እንደሚያበላሽ አውቃለሁ። ተቆጣሁ።

«ከአልጋሽ ላይ ሰረቀችሽ? ቀማችሽ? ተናገሪ እንጂ!»

«አልቀማችኝም።» አንገቷን ደፋች። «ረቡዕ ማራገቢያው ተበላሽቶ ሠራተኛ ይዛ ወደ ክፍሌ ገባች። ምንጣፉ አልጋው ላይ ተዘርግቷል። አየችው። በጣም ወደደችው፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አደነቀችልኝ።»

«እሺ?»

«ያንቺ ይሁን፣ ውሰጂው አልኳት።»

«ለምን አልሽ?» አልኩ።

«ታዲያ ምን ልበል? ወደደችዋ!»

ማንም አልሳቀባትም፤ ተረበኛዋም እንኳ። እያንዳንዳችን ያንኑ እንል ነበር። ሰው ነገርህን ሲያደንቅ «ያንተው ይሁን» ይባላል። ያኛው ደግሞ «ምነው! በጤና ተጠቀምበት» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ተከብረው ይለያያሉ፣ ዕቃውም ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። እንደዚህ ነው ያደግነው። ማዳም ግን «መርሲ»፣ አመሰግናለሁ፣ ብላ፣ ጉንጯን ስማ፣ ምንጣፉን ጠቅልላ ወጣች።

«የእኔዋም እንዲሁ ናት» አለች ተረበኛዋ። «አንድ ቀን ኩሽና ቁጭ ብዬ ስበላ ገባች። እንብላ አልኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሩዜን ጨረሰችው። ዓሣውን እንኳ አልተወችልኝም።»

አሁን ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በማዳም ተናደድኩ፤ አራት ዓመት ከአንዲት ሴት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ኖሮ ልማዷን አለማወቅ ስንፍና ነው። በጓደኛዬም ተናደድኩ። ከሁሉ ደግሞ በዚህ ጨዋነታችን ተናደድኩ። ለምን ጨዋው ሁልጊዜ የሚከስር ይሆናል?

«ተነሺ» አልኳት። «እንሄዳለን።»

«ወዴት?»

«ምንጣፉን ልናመጣ ነዋ። ባሌ ጠዋት ይወጣል።»

ክንዴን ያዘችኝ። «እትዬ ሞቼ እገኛለሁ! ለማን ነው ብላ ብትጠይቀኝስ? ለልጄ ነው ካልኩ አራት ዓመት ዋሽተሽኛል ብላ ታባርረኛለች። የልጄ ትምህርት ቤት በምን ይከፈላል? ይቅር በቃ፣ ሌላ እሠራለሁ።»

እውነቷን ነበር። መኖሪያ ወረቀቷ በዚያ ቤት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከሥራ ከወጣች ከአገሩም መውጣት ሊመጣ ይችላል። አሰብኩ። ለእህቴ ልጅ ነው በያት ልላት ምላሴ ላይ መጣ፤ መለስኩት።

«ዋሺ አልልሽም» አልኳት። «ልጅሽንም እኔ አላወጣብሽም፣ እመቤቴ ምስክሬ ናት። እኔ ምንጣፉን ብቻ እጠይቃለሁ። ከዚያ ያለውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ነጠላዋን አነሣች። ልጄን ለተረበኛዋ አደራ ብዬ ወጣን።

በሚኒባሱ ውስጥ ፊት ለፊታችን የተቀመጠች እናት ሕፃኗን በወረቀት ታራግባለች። ጓደኛዬ ሕፃኑን እያየች ነበር። እኔ በልቤ ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ፣ መሃል ላይ ንዴቴ እያቋረጠኝ ሁለቴ ከመጀመሪያው ተነሣሁ።

ቪላው ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ዘበኛው ያውቃታል፣ ከፈተልን። በረንዳው ላይ እንግዶች አሉ፤ ብርጭቆ ይዘው ይስቃሉ። ጓደኛዬ በኋላ በር በኩል ገባች። እኔ ወደ በረንዳው ሄድኩ። ከደረጃው ሥር ቆሜ ምንጣፉን አየሁት።

ውሻው ተኝቶበታል።

ውሻ የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው፣ አልጠላውም። ነገር ግን ያ ቀሚስ፣ ያ የስንት ማታ ድካም፣ ለልጅ እግር የተሠራ ነገር ከውሻ ሆድ ሥር! ዓይኔ ጨለመብኝ።

«እንደምን አመሹ፣ ማዳም» አልኩ። ፈረንሳይኛዬ የኩሽና ፈረንሳይኛ ነው፣ ግን ያግባባኛል። ማን እንደሆንኩ ተናገርኩ። «የመጣሁት ስለዚያ ምንጣፍ ነው። የጓደኛዬ ነው።»

ማዳም ፈገግ አለች። ክፉ ፊት የላትም። «አዎ፣ እሷ ናት የሠራችው። እጇ ድንቅ ነው! ሰጠችኝ እኮ።»

«አልሰጠችዎትም።»

«ሰጥታኛለች። ውሰጂው አለችኝ።»

«በእኛ ዘንድ ውሰጂው ሲባል አይወሰድም።»

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀ። «ታዲያ እንዴት ይታወቃል? ውሰድ ካሉህ አትውሰድ፣ አትውሰድ ካሉህስ?»

ሁሉም ሳቁ። ፊቴ ጋለ።

«አንዴ እንቢ ይባላል» አልኩት። «የምር ከሆነ ሰጪው ይለምናል። ይህን ያህል ከባድ አይደለም።»

«አላወቅሁም» አለች ማዳም። ትከሻዋን ከፍ አደረገች። «ግን ክፍሏ እኮ ጠባብ ናት፣ የት ታነጥፈዋለች? እንዲያውም ነገ ከሱቅ አዲስ ምንጣፍ እገዛላታለሁ፣ ከዚህ የሚሻል።»

ከዚህ የሚሻል! በዚያች ቅጽበት ልናገር የቃጣኝን ሁሉ ብናገር ኖሮ ሦስት ዓመት ብጾምም አይሰረይልኝም። ከንፈሬን ነከስኩ።

ጓደኛዬ በኩሽናው በር ብቅ አለች። በእረፍት ቀኗ፣ ምንጣፏን ልታስመልስ መጥታ፣ ሽርጥ ታጥቃ፣ ንጹሕ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛ ቆማለች። እንግዳ አለ ብለው ሳያዟት እጇ ራሱ ሥራ ጀምሯል።

ማዳም ወደ እሷ ዞረች። «ለማን ነበር የሠራሽው?»

እኔ ወደ መሬት አየሁ። ቃል ገብቻለሁ። እመብርሃን፣ ወይ አፏን ጠብቂ፣ ወይ አፏን ክፈቺ፤ አልኩ በልቤ።

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በእንግዶቹ እግር መሃል አልፋ ወደ ውሻው ሄደች። «ተነሥ» አለችው፣ በአማርኛ። ተነሣ። የምታበላው እሷ ናት፣ ያውቃታል። ምንጣፉን አንሥታ ከደረጃው ላይ አራገፈችው። ፀጉሩ በነፋስ ሄደ። ከዚያ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ያዘችውና፣

«ኖን፣ ማዳም» አለች። «ሴ ፑር ማ ፊይ።» ለልጄ ነው ማለቷ ነው።

ማንም ብርጭቆ አላነሣም።

«ልጅ አለሽ?» አለች ማዳም።

«አለችኝ። ሰባት ዓመቷ ነው።»

«የለኝም ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬሽ ነበር።»

ማዳም እኔን አየችኝ፣ እንግዶቿን አየች፣ ከዚያ እጇን ወደ በሩ አወዛወዘች። «ውሰዱት። ነገ እንነጋገራለን።»

ከዚህ በላይ አንዲት ቃል የለም። ስሟ ማን ነው? የት ናት? ማን ያሳድጋታል? አልጠየቀችም። የዚያን ውሻ ዕድሜ በወር ትቆጥራለች፤ ልደቱ ሲደርስ ጓደኛዬ ኬክ ትጋግርለታለች፣ ስሙን በክሬም ትጽፍበታለች። የሰባት ዓመት ልጅ ግን «ነገ እንነጋገራለን» ናት። ዋሸችኝ ብላ ተቀይማ ይሆናል፤ መብቷ ነው። ነገር ግን ሰው ልጁን እንዲክድ የሚያደርግ ጥያቄ መጠየቅስ? እንጀራ የምትፈልግን ሴት በር ላይ አቁሞ «ልጅ አለሽ?» ማለት፣ ያውም አለኝ ካለች በሩን ሊዘጉ? ውሸቱ የማን ነው? ይህን እስከ ዛሬ በጸሎቴ ላይ ስጠይቅ እኖራለሁ።

ጓደኛዬ ምንጣፉን አቀበለችኝ። «ሂጂ፣ እትዬ። ባልሽ እንዳያመልጥ።»

«አንቺስ?»

«ብርጭቆው ገና አልታጠበም።»

ተመለሰች። ምንጣፉን ታቅፌ በእግሬ ብዙ ሄድኩ፤ ሚኒባስ ቢያልፍም አላስቆምኩም። ተቀምጬ ከሰው ጋር የምሄድበት ልብ አልነበረኝም። ባሕሩ አጠገቤ ነበር፣ አላየሁትም። ሃያብለ ስደርስ ተረበኛዋ ወደ ሥራዋ ልትመለስ ነጠላዋን ለብሳ ትጠብቀኛለች። ምንጣፉን አየችና እልል ልትል አፏን ስትከፍት ፊቴን አይታ ዘጋችው።

«አባረረቻት?»

«አላወቅሁም። ነገ ይነጋገራሉ።»

«ነገ!» አለች። «እኛ ስንዋሽ ዛሬ ነው፣ እነሱ ሲፈርዱ ነገ።» ልጄን ሳመቻትና ወጣች።

በማግስቱ ሳይነጋ ተነሣሁ። ምንጣፉን በሳሙና ሁለቴ አጠብኩት፣ የውሻው ሽታ እስኪለቅ። ገመድ ላይ ዘረጋሁትና ጸሎቴን ጀመርኩ፤ ሳልጨርስ ደርቆ ነበር። ባሌ ሻዩን ቆሞ እየጠጣ አየው።

«ይህ ነው ያ ሁሉ ጉድ?»

«ይህ ነው። ከወንበርህ ኋላ አድርገው። መንገድ ላይ ዘርግተህ እንዳትተኛበት።»

«አንቺ ሴት፣ እኔ ከውሻ አንሼ ነው?»

«ዛሬ እንኳ አታስቀኝ» አልኩት፤ ሳቄ ግን አመለጠኝ። በንጹሕ ፌስታል ጠቅልዬ ሰጠሁት። አማትቤ ሸኘሁት።

ፀሐይ ወጥታ ልጄ ቁርሷን ስትበላ የጓደኛዬ የድምፅ መልእክት በስልክ መጣልኝ። በሹክሹክታ ነው። «ቁርስ አቀረብኩላት። ለምን ዋሸሽኝ አለችኝ። ሥራ ፈልጌ አልኳት። ቡናዋን ጠጣች፣ ምንም አላለችም። እስካሁን ውጪ አላለችኝም፣ እትዬ። አልጋ እያነጠፍኩ ነው።»

ደጋግሜ ሰማሁት። ተመስገን አልኩ። ተመስገን ማለቴ ንዴቴን አላጠፋውም፤ ሁለቱም ልቤ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ያን ሳምንት ለጓደኞቼ የምልከው አዲስ ሥራ አልነበረኝም። ስልኬን ጣሳው ላይ አስደገፍኩ። እጆቼን ጠረጴዛ በማደርገው ሳጥን ላይ ባዶአቸውን ዘረጋኋቸው።

«ዛሬ ጨርቅም መርፌም አያስፈልግም» አልኩ። «የሠራችሁትን ሰው ሲወድላችሁ መርሲ በሉ። ውሰጂው አትበሉ። ውሰጂው ብላችሁ ከሆነም፣ ወስዳ ከሆነም፣ እንዲህ ትሏታላችሁ።» ከዚያ ጓደኛዬ የተናገረችውን ቃል በቃል፣ ቀስ እያልኩ፣ አፋቸው እስኪለምደው ደጋገምኩላቸው። ልጅ የሌላት ለእናቴ ነው ትበል፣ እናት የሌላት ለራሴ ነው ትበል አልኩ። ለራስ መሥራትም ኃጢአት አይደለም።

የመጀመሪያውን ሳዳምጠው ድምፄ የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር፤ አጠፋሁት። ሁለተኛውም እንዲያው። ሦስተኛውን ከመጀመሬ በፊት አማተብኩ፣ ውኃ ተጉመጠመጥኩ። እሱንም ቁጣው አልለቀቀውም። እንደዚያው ላክሁት።